መልስ፦ የሰማዕታት ሐውልቱ ለእናትዎ አይከብዳቸውም

ሰባ ዓመት ካለፋቸው እናትዎ ጋር ለአንድ ቀን ባሕር ዳር እንደሚመጡና ፏፏቴ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ማየት ያደክማቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። ይውሰዷቸው፤ ብቻ ማለዳ ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የቀትሩ ፀሐይ እዚያ ምሕረት የለውም።

ሐውልቱ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ዓባይን እንደተሻገሩ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ይገኛል። ከመሃል ከተማ በባጃጅ ይደረሳል። ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት የቆመ መታሰቢያ ነው።

ፏፏቴ ሲባል ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ጢስ ዓባይን እንዳያስቡ! ይህኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ውኃው ደረጃ በደረጃ ወደ ወንዙ እንዲወርድ የታነጸ። ውኃው ተለቆ እንደሆነ አስቀድመው ቢያጣሩ ደግ ነው።

የሚያደክመው ቁልቁል የሚወስደው ደረጃ ብቻ ነው፤ መውረዱ ሳይሆን መመለሱ። እናትዎ ከላይ አረፍ ይበሉ። ለእኔ ዋናው ነገርም ያለው እዚያው ነው፤ ከጣና ገና የወጣው ዓባይ ሰፍቶ፣ ረግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሲያልፍ ይታያል። ያ ሁሉ የተዘፈነለት ወንዝ ይህ ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን ድልድይም በዚያው ያዩታል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጥበቃዎቹን ይጠይቁ። ጊዜ ከተረፈዎት በመኪና ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጡ፤ ወንዙና ከተማው ከዚያ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።