የእንግሊዝ ቢተር በባሕር ዳር ይጠመቃል?

ጥያቄ፦ እንግሊዝ የሚኖረው አጎቴ ቦዲንግተንስ የሚባል የጣሳ ቢራ ይዞልኝ መጣ። አረፋው እንደ ክሬም ነው፣ ጋዙም ለስላሳ። እናቴ ጠላ ስለምትጠምቅ ጋኑም ጌሾውም ቤት አለ። በዚያው ልሠራው እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቦዲንግተንስ ቢተር የሚባለው መራራ የእንግሊዝ ቢራ ዓይነት ነው። ቢራውን መሥራት ትችላለህ፣ ጋኑንና ጌሾውን ግን ለእናትህ ተውላቸው። በወይራ የታጠነ ጋን ጢሱን ለቢራው ያወርሰዋል፣ እኔ ይህን በጠላ እንጂ በቢተር አልወድም። የቢተር ምሬት የሚመጣው ከሆፕ አበባ ነው፤ ፈግል ወይም ጎልዲንግስ የሚባል የሆፕ ዓይነት፣ የኤል እርሾ (ኤል ቢተርን የሚጨምር የቢራ ዘር ነው)፣ ፔል ኤል የሚባል ፈዛዛ ብቅልና ትንሽ ክሪስታል የሚባል ጠቆር ያለ ጣፋጭ ብቅል አጎትህ ይላክልህ።

የተፈጨውን ብቅል 66 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፈህ አጥልለው፣ ከዚያ ፈሳሹን ከሆፑ ጋር አፍላው። እዚህ ላይ ልብ በል! ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሆፑም ምሬቱን የሚሰጠው ቀስ ብሎ ስለሆነ የእንግሊዞቹን 60 ደቂቃ ወደ 75 ወይም 90 አሳድገው። ሲቀዘቅዝ እርሾውን ጨምር። እርሾው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ስለሚስማማው ሞቃቱን ሚያዝያ እለፍና ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ጥመቅ።

አረፋው ግን ያው አይሆንም። ጣሳው ውስጥ ሲከፈት ናይትሮጅን የሚለቅ ትንሽ ፕላስቲክ አለ፣ የቤት ጠርሙስ ያንን አይሰጥህም። ለልስላሴው ጠርሙሱን ስትሞላ ለጋዙ የምትጨምረውን ስኳር በሊትር ከ3 እስከ 4 ግራም ብቻ አድርገው።