የጓዳ ጥያቄና መልስ፦ ካሹ ፑላው

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ካሹ ስለሚገባበት የሕንድ ቅመማ ቅመም ሩዝ፣ ስለ ፑላው ናቸው። ፑላው ተለክቶ የገባለትን ውሃ ሩዙ ጠጥቶ የሚጨርሰው ምግብ ነው። ቢርያኒ የሚባለው ሌላው የሕንድ የሩዝ ምግብ ላይ ግን ሩዙ ለብቻው ግማሽ ያህል ተቀቅሎና ተጠንፍፎ፣ ከሥጋው ጋር ተደራርቦ ይታፈናል። ስለዚህ ፑላው ላይ የውሃው ልክ ከቅመሙም ይበልጣል።

«ሁለት ብርጭቆ ባስማቲ በአራት ብርጭቆ ውሃ ጣድኩ። እንዳያርብኝ እያማሰልኩ አበሰልኩት፤ ገንፎ ሆነ። በሌላ ጊዜ ውሃውን ቀነስኩ፤ ያኔ ደግሞ ከሥሩ አርሮ መሀሉ ጥሬ ቀረ። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?» (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

ገንፎ ያደረገው በአብዛኛው ማማሰሉ ነው። የባስማቲ ፍሬ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ በቀላሉ ይሰበራል። ከተሰበረው ጫፍ የሚወጣው ስታርች ነው ሩዙን እርስ በርሱ የሚያጣብቀው። ውሃው ከገባና አንዴ ከተነካ በኋላ ማንኪያ ወደ ድስቱ መመለስ የለበትም።

ስለ መዘፍዘፍ ምንም አልጻፉም። ሩዙ ካልተዘፈዘፈ ውጪው በስሎ ሲፈርስ ውስጡ ገና ጥሬ ነው። አራት አምስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳያሹ በጣት ብቻ እያንቀሳቀሱ ይጠቡት። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉና በወንፊት ለ10 ደቂቃ ያጠንፍፉት። ይህን ማጠንፈፍ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሩዙ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ውሃ ግን ያልተለካ ውሃ ነው።

የሚኖሩበት ከተማ ከፍታም ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሩዙ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚተነውም ውሃ ይጨምራል። የሕንድ አሠራሮች ለአንድ ብርጭቆ የተዘፈዘፈ ባስማቲ አንድ ተኩል ብርጭቆ ውሃ ይላሉ። እርስዎ ከአንድ ከሦስት አራተኛ ይጀምሩ፤ ለሁለት ብርጭቆ ሩዝ ሦስት ተኩል ማለት ነው።

ለአራት ሰው እንዲህ ይሠራል። መቀመጫው ወፍራም በሆነ ድስት 3 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ (ቅመም የሌለበት) ያሙቁ። ካሹውን ጠብሰው ያውጡ፤ አጠባበሱ በሚቀጥለው መልስ አለ። በዚያው ቅቤ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 4 ፈንከት የተደረገ ሄል፣ 4 ቅርንፉድና የጣት ርዝመት ያለው ቀረፋ ይጨምሩ። ከሙኑ ሲንጣጣና ሽታው ሲነሳ፣ ማለትም ከግማሽ ደቂቃ በኋላ፣ በቁመቱ በስሱ የተከተፈ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ጨምረው ጠርዙ ቡኒ እስኪሆን ያቁላሉ። ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ውሃ ጠብ እያደረጉ አያቁላሉት፤ እዚህ የሚፈለገው ተጠብሶ መድረቁ ነው። 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምረው ሽታው እስኪለወጥ ብቻ ያዙሩት።

አሁን የተጠነፈፈውን ሩዝ ጨምረው፣ ቅቤው እያንዳንዱን ፍሬ እስኪነካ ለአንድ ደቂቃ በቀስታ ያገላብጡት። የፈላ ውሃና 1½ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩና ውሃውን ይቅመሱ። ጨው ትንሽ የበዛበት ከመሰለዎት ልክ ነው፤ ሩዙ ይወስደዋል። አንዴ ሲንተከተክ እሳቱን ምድጃው እስከፈቀደ ድረስ ይቀንሱና ይክደኑ። አዲስ አበባ ላይ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ፣ ቆላ ላይ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ እሳቱን አጥፍተው ክዳኑን ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ይተዉት፤ በመጨረሻ በሹካ ያፍታቱት።

ከሥሩ አርሮ መሀሉ ጥሬ የቀረው እሳቱ ስለበረታ ወይም ክዳኑ እንፋሎት ስለሚያስወጣ ነው። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይክደኑ፤ እሳት እንዳይነካው የጨርቁን ጫፎች ወደ ላይ ይሰሩት። ሩዙ ጥሬ ሆኖ ውሃው ካለቀ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ዙሪያውን ረጭተው 5 ደቂቃ መልሰው ያፍኑት። ከመጠን በላይ ከረጠበ ሳያማስሉ ሰፊ ትሪ ላይ ይዘርጉት። ገንፎ የሆነውን ግን የሚመልሰው ነገር የለም።

ሲገዙ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ባስማቲ ይጠይቁ። የቆየው ክሬም የመሰለ ቀለም አለው፤ ውሃ በደንብ ይጠጣል፣ አይጣበቅም።

«ካሹውን ከሽንኩርቱ ጋር ጠብሼ አብሬ አበሰልኩት። እንደ ተቀቀለ ባቄላ ለስልሶ መጣ። ዘቢቡም መረረኝ።» (አንባቢ፣ ከአዳማ)

ካሹ እንፋሎት ውስጥ ሩብ ሰዓት ከቆየ መለስለሱ አይቀርም። ከሁሉ በፊት ተጠብሶ ይወጣል፤ የሚመለሰው ሩዙ አርፎ ከተፍታታ በኋላ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ካሹ ለሁለት ከፍለው በዝግታ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያገላበጡ፣ ለ3 ደቂቃ ያህል ይጥበሱት። የገለባ ቀለም ሲይዝ ያውጡት። ከእሳት ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መጥቆሩን ስለሚቀጥል ድስቱ ውስጥ ቡኒ እስኪሆን ከጠበቁት መሶቡ ላይ ሲደርስ መሯል።

ዘቢብ ስኳር ስላለው ቶሎ ያርራል። ካሹው ከወጣ በኋላ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘቢብ ጨምረው እንደተነፋ፣ በ20 ወይም 30 ሴኮንድ ውስጥ፣ ይጥለፉት። አልሞንድ መጨመር ከፈለጉ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ነክረው ልጠው፣ በቁመቱ ሰንጥቀውና በደንብ አድርቀው ከካሹው በፊት ይጥበሱ፤ ከካሹ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከመጥበስዎ በፊት አንድ ካሹ ይቅመሱ። የሻገተ ዘይት ጣዕም ካለው መጥበሱ አያድነውም። የተረፈውን አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ።

«በእኛ ንጥር ቅቤ ብሠራውስ? በሄል ፋንታ ኮረሪማ ይሆናል?» (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

ሕንዶች ጊ የሚሉት ያለ ምንም ቅመም የተነጠረ ቅቤ ነው። የእኛ በኮሰረት፣ በበሶብላና በኮረሪማ ስለሚነጠር ሩዙ ያንን ሽታ ይዞ ሌላ ምግብ ይሆናል። መጥፎ ምግብ አይደለም፤ ፑላው ግን አይደለም። ግማሽ ኪሎ ጨው የሌለው ለጋ ቅቤ በዝግታ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያንጥሩ። አተላው ከሥር ረግቶ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ሲሆን በጨርቅ ያጥልሉት።

የኮረሪማ ሽታ ከሄል የተለየ ነው። ሄል ከጠፋ ከአንድ ኮረሪማ አምስት ስድስት ፍሬ ብቻ ደቅቀው ይጠቀሙ። ይልቅ በከሙን ቦታ ነጭ አዝሙድ እንዳያስገቡ ይጠንቀቁ። ሁለቱ በመልክ ይቀራረባሉ፤ የነጭ አዝሙድ ሽታ ግን ካሹውንም ሄሉንም ይውጣል።

«በጾም የሚሆን አለ?» (አንባቢ፣ ከደሴ)

ፑላውን በዘይት መሥራት ይቻላል። እኛ ግን ለጾም የምንመርጠው የደቡብ ሕንዱን የሎሚ ሩዝ ነው፤ ካርናታካ ውስጥ ቺትራና ይባላል፣ ከመጀመሪያውም ቅቤ አይፈልግም። 1 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ክክ ለ20 ደቂቃ ነክረው ያድርቁ፤ አለበለዚያ ጥርስ ላይ ይጠነክራል። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቀው 1 የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ ይጨምሩና መፈንዳቱን እስኪጨርስ ይጠብቁ፤ ሳይፈነዳ ከቀረ ይመራል። ከዚያ ክኩንና 4 የሾርባ ማንኪያ ኦቾሎኒ አብረው እስኪቀሉ ይጥበሱ። 2 የተሰነጠቀ ቃሪያና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ አስከትለው ከ10 ሴኮንድ በኋላ 3 ብርጭቆ የበሰለና የቀዘቀዘ ሩዝ ጨው ነስንሰው ያዋሕዱ። ሎሚው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ፣ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ከቆየ ይመራል። ኦቾሎኒውን አስቀድመው ይልቀሙ። የተጨማደደው፣ የጠቆረውና የሻገተው ይጣል፤ ሻጋታው የሚያመነጨውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ መቁላት አያጠፋውም።

«ለ20 እንግዳ ልሠራ ነው። ሁሉን በአምስት ላባዛ?» (አንባቢ፣ ከዱባይ)

ቅመሙንም ውሃውንም እንዲሁ አያባዙ። ድስቱ ትልቅ ሲሆን የሚተነው ውሃ ከሩዙ መጠን አንጻር ያንሳል። 2 ኪሎ ሩዝ ይበቃዎታል፤ በአንድ ድስት ከታጨቀ የታችኛው በላይኛው ክብደት ስለሚፈርስ በሁለት ድስት ይክፈሉት። እዚያ በየሱቁ የሚገኘውን ሴላ ባስማቲ ይግዙ። በቅርፊቱ እንዳለ በእንፋሎት የበሰለ ስለሆነ በቀላሉ አይሰበርም። ሁለት ሰዓት ይዘፍዝፉትና ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.8 ሊትር ያህል ውሃ ያድርጉ። ቅርንፉድና ቀረፋ በብዛት ሲገቡ ስለሚመሩ በኪሎ ከ8 ቅርንፉድና ከሁለት እንጨት ቀረፋ አይለፉ። እንግዶችዎ መካከል ካሹ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ላዩ ላይ ያለውን መልቀም አይበቃም፣ ሩዙ የበሰለው ካሹ በተጠበሰበት ቅቤ ነው።

«የተረፈው እስከ ስንት ቀን ይቆያል?» (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን። ድስቱ ውስጥ ተከድኖ ማደር የለበትም፤ ቅቅል የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች ሞቅ ባለ ሩዝ ውስጥ ይራባሉ፣ የሚተፉትን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። እንደተበላ ሰፊ ዕቃ ላይ ዘርግተው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ። ሲያሞቁት 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ረጭተው ከድነው በዝግታ እሳት፣ መሀሉ እስኪያቃጥል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያሙቁት። ካሹውን ለብቻው ካስቀመጡ ያኔ ይነስንሱበት።