ያመንኩበትን ነው የጻፍኩት፤ ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የኢኮኖሚ ዓምድ እጽፋለሁ። ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም፤ የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ አማካሪ እንድሆነው ጠየቀኝ፤ ተስማማሁ። ወር በወር ይከፍለኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ኢንሹራንስ የወጣውን ረቂቅ ሕግ ደግፌ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የኩባንያውን ስም አንድም ቦታ አላነሳሁም። ያልኩትን ሁሉ ከልቤ አምንበታለሁ፤ ከኩባንያው ጋር ሳልተዋወቅም አቋሜ ይኸው ነበር። አንዱን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ቁጥሮቹን እንዲያዩልኝ ለኩባንያው ሰዎች ልኬላቸዋለሁ። አሁን አንድ ሰው የክፍያ ሰነዴን በማኅበራዊ ሚዲያ ለጥፎ «ጉቦ በልቶ የሚጽፍ» ብሎኛል። ዋና አዘጋጁ ደግሞ «አንባቢን ሆን ብዬ አታልያለሁ» የሚል ደብዳቤ እንድፈርም ሰጥቶኛል። ካልፈረምክ የወጡልህን ጽሑፎች ክፍያ አታገኝም ብሎኛል። ጋዜጣው ራሱ እኮ የዚሁ ኩባንያ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ያወጣል! ልፈርም? የለጠፈውን ሰውዬስ ልክሰሰው? ለመሆኑ ወንጀል ሠርቻለሁ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ጠያቂያችን። ደብዳቤውን እንዳለ አይፈርሙ። ሰውዬውን ለመክሰስም አይቸኩሉ። ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ፣ ከኩባንያው ጋር ያለዎትን ግንኙነት የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ በዚያው ዓምድዎ ላይ እንዲወጣ ይጠይቁ። ይህ በአጭሩ ነው። ውልዎን ስላልላኩልኝና ሕጉም ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የምነግርዎት በአብዛኛው ቦታ የሚሠራውን ነው።

ደጋግመው ያነሱት ነገር «አምንበታለሁ» የሚለውን ነው። አምንዎታለሁ። ግን በዚህ ጉዳይ ብዙም አያድንዎትም።

እኛ በችሎት የምናውቀው አሠራር አለ። ዳኛው ከአንዱ ተከራካሪ ጋር የጥቅም ትስስር ካለው ከችሎት ይነሳል። ይነሳልኝ የሚለው ወገን ዳኛው ጉቦ መብላቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ዳኛውም «ሕሊናዬ ንጹህ ነው» ቢል ሰሚ የለውም። የሰውን ሕሊና ከውጭ ሆኖ የሚያይ ማን አለና? የጥቅም ግጭት ማለት እርስዎ ያሉበት ሁኔታ ነው። ያንን ሁኔታ ለመፍጠር መዋሸት አያስፈልግዎትም። በአንድ እጅዎ የኩባንያውን ክፍያ፣ በሌላው እጅዎ ስለ ኩባንያው ገበያ የሚጽፍ ብዕር ከያዙ ነገሩ ተፈጥሯል። ዓምደኛ ከዳኛ የሚሻልበት ግን አለ። ዳኛ መነሳት አለበት፤ ዓምደኛ ግን ብዙ ጊዜ ተናግሮ መቀጠል ይችላል። አቋም መያዝ ሥራዎ ነው። አንባቢ የሚቀየመው ከፋዩ ሲደበቅበት ነው።

ሁለት የታወቁ ጉዳዮች ልጥቀስልዎ። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ያጋጠሙ ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አርምስትሮንግ ዊሊያምስ ዓምደኛና የቴሌቪዥን ተንታኝ ነበር። የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር በአንድ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት በኩል 240,000 ዶላር ሊከፍለው ተዋውሎ፣ እሱ አዲሱን የትምህርት ሕግ ሲያስተዋውቅ ቆየ። በጥር 2005 ነገሩ ይፋ ሲሆን የሰጠው መልስ የእርስዎው ነው፤ ሕጉን አምንበታለሁ አለ። ዓምዱን ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ድርጅት ግን ወዲያው ውሉን አቋረጠ። በዚያው ዓመት የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አሠራሩን መርምሮ፣ ሚኒስቴሩ ሕግ የሚከለክለውን ስውር ፕሮፓጋንዳ ሠርቷል ሲል ወሰነ። በ2006 ዊሊያምስ 34,000 ዶላር ለመመለስ ተስማምቶ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። የእርስዎ ከፋይ የግል ኩባንያ ነውና በዚህ በኩል ነገሩ ይቀልልዎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን ወደ እርስዎ ይጠጋል። ፎስተር ዊናንስ በዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ስለ አክሲዮን ገበያ ከሚጽፉት ዓምደኞች አንዱ ነበር። ዓምዱ ስሙን ያነሳው ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ይንቀሳቀስ ስለነበር፣ ዊናንስ ነገ ምን እንደሚወጣ ለደላሎች ቀድሞ መንገር ጀመረ። ደላሎቹም ጽሑፉ ሳይወጣ ቀድመው አክሲዮን እየገበያዩ፣ በአራት ወር ውስጥ፣ በ27 ያህል ጽሑፎች፣ ወደ 690,000 ዶላር ትርፍ ተገኘ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1987 ተወሰነ። ከዚያ ውሳኔ ሁሌ የማይረሳኝ አንድ ነጥብ አለ። ዊናንስና ደላሎቹ ሲስማሙ የዓምዱ ይዘት እንዳይነካ ተነጋግረው ነበር። ፍርድ ቤቱም አንድ ጽሑፍ እንኳ ለትርፍ ሲባል ተጣሟል አላለም። ጽሑፉ ንጹህ ነው፤ ሰውዬው ግን ተፈረደበት። ምክንያቱም ገና ያልታተመ ጽሑፍ ይዘትና የሚወጣበት ቀን የጋዜጣው ምስጢር፣ የጋዜጣው ንብረት ነው ተባለ።

ለዚህ ነው ከወር ክፍያው ይልቅ ረቂቅዎን ለኩባንያው መላክዎ የሚያሳስበኝ። እርስዎ በጥያቄዎ ውስጥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው ያለፉት። እኔ እዚያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቁጥር ማጣራት ደግ ነው። ቁጥሩን ብቻ ነጥሎ በስልክ መጠየቅ ይቻላል። ሙሉ ረቂቅ ወደሚከፍልዎ ድርጅት ሲሄድ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ያንን የኢሜይል ልውውጥ ዛሬውኑ ያውጡትና ያንብቡት። የኩባንያው ሰዎች ምን ብለው መለሱ? ከቁጥር ውጪ ያስተካከሉት ሐረግ አለ? «ይህቺ አንቀጽ ብትወጣ» የሚል ነገር ካለና አንቀጿም ወጥታ ከሆነ፣ ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው። አደራ፣ እንዳይሰርዙት። ማስረጃ ማጥፋት የሌለብዎትን ጣጣ ያመጣብዎታል።

አሁን ወደ ውልዎ። «ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም» ያሉት ነጻ ያወጣኛል ብለው ከሆነ ብዙ አይተማመኑበት። በጽሑፍ የሚከፈለውም ሰው በውልና በቅን ልቦና ይታሰራል። መጀመሪያ ሲጀምሩ ምን ምን ላይ ፈረሙ? ብዙ ጋዜጦች ለአምደኞቻቸው ከውሉ ጋር አንድ የኤዲቶሪያል መመሪያ አያይዘው ይሰጣሉ፤ መጨረሻው ላይ «አንብቤ ተቀብያለሁ» የምትል መስመር አለች። ሰው ሳያነብ ይፈርማታል። እዚያ ውስጥ «የገንዘብ ጥቅም ሲኖር ለአዘጋጁ አስቀድሞ ማሳወቅ» የሚል ካለ፣ ጉዳይዎ ግልጽ የውል ጥሰት ነው። ባይኖርም ጋዜጣው የሙያውን ወግ ይጠቅስብዎታል። ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ፌዴሬሽን በ2019 ቱኒስ ላይ ያጸደቀው ቻርተር ጋዜጠኛ ወደ ጥቅም ግጭት ከሚያመራ ሁኔታ እንዲርቅ ወይም ሁኔታውን እንዲያቆም ይላል። ጋዜጠኝነትን ከማስታወቂያና ከፕሮፓጋንዳ ጋር እንዳያደባልቅም ይላል። ይህ ሕግ አይደለም፤ ብቻውን ማንንም አያስፈርድም። ግን ዳኛ «በዚህ ሙያ ቅን ሰው ምን ያደርጋል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ ነው።

ጥሰት አለ ማለት ግን ክፍያዎ ይበላል ማለት አይደለም። ጽሑፉን ተቀብሎ ያተመ ጋዜጣ በመርህ ደረጃ ዕዳ አለበት። ውልዎን ለወደፊቱ ሊያቋርጥ ይችላል። ጉዳት ደርሶብኛል ካለም ጉዳቱን አስረድቶ ካሳ ይጠይቅ። «ደብዳቤ ካልፈረምክ ገንዘብህን አልሰጥም» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለሁለት የማይገናኙ ነገሮች አንድ ቁልፍ መሥራት ነው። ውሉ ውስጥ ክፍያ የሚያስቀር ቅጣት ተጽፎ ከሆነ ብቻ ነገሩ ይለወጣል። ክፍያውን ለብቻ፣ በጽሑፍ፣ የታተሙትን ጽሑፎች ቀን ዘርዝረው ይጠይቁ። ስልክ አይደውሉ። የተናደደ ሰው በስልክ የሚለው ነገር ዞሮ በራሱ ላይ ይመጣል።

ደብዳቤው ላይ የኔ ችግር ሁለት ቃል ነው፤ «ሆን ብዬ» የሚለው። ግንኙነቱን አለመግለጽዎ እውነት ነው። እሱን ማመን አይጎዳዎትም። ሆን ብዬ አታለልኩ ብለው ከፈረሙ ግን ቸልተኝነትን ወደ ማጭበርበር በራስዎ እጅ አሸጋገሩት። ነገ ጋዜጣው፣ ወይም ከዚያ ጽሑፍ ተነስቼ ከሰርኩ የሚል ሦስተኛ ሰው፣ ያንን ወረቀት ማስረጃ ብሎ ያቀርበዋል። ስለዚህ አልፈርምም ብለው ብቻ አይመለሱ፤ የራስዎን ረቂቅ ይዘው ይሂዱ። እንዲህ ቢሆን እላለሁ፦

«በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ኢንሹራንስ ረቂቅ ሕግ ሁለት ጽሑፎች አውጥቻለሁ። በወቅቱ ለአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ በክፍያ አማካሪ ነበርኩ። አንደኛው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለኩባንያው ባለሙያዎች ተልኳል። ይህንን ለአዘጋጁም ለአንባቢም አልገለጽኩም፤ መግለጽ ነበረብኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ይኸው ነው። «ለማንኛውም ሐሳቤ የራሴ ነው» የሚል ጭራ አይቀጥሉበት፤ ያንን አንባቢ ይፍረደው። ስንት እንደተከፈለዎም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ቀኖቹን ግን እንዳይሳሳቱ። የኩባንያውን ስም ማውጣት የበለጠ ይሻላል። እዚህ ላይ ግን ከኩባንያው ጋር ያለዎትን ውል ይመልከቱ። የማማከር ውሎች ብዙ ጊዜ ምስጢር የመጠበቅ አንቀጽ አላቸው፤ አንዳንዱ የግንኙነቱን መኖር እንኳ አትናገር ይላል። እንዲህ ያለ ካለ ስሙን ከማውጣትዎ በፊት ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቀው ፈቃድ ይጠይቁ። ሰነዱ አደባባይ ስለወጣ የሚከለክሉበት ምክንያት ብዙም የለም። ለነገሩ ከፋይህን ለአንባቢህ አትንገር የሚል ውል ዓምደኛ ሊፈርመው የሚገባ አይመስለኝም።

ወደ ለጠፈው ሰው እንምጣ። ስም ማጥፋት ብለው ቢከሱ መከላከያው ከወዲሁ ታውቆ ያደረ ነው። ሰነዱ እውነት ነው፤ ጉዳዩም ሕዝብን ይመለከታል። «ጉቦ» የሚለው ቃል ግን ከሰነዱ አልፎ የሄደ ነው። አማካሪ ሆነው ተከፈለዎት እንጂ ለጽሑፉ ተከፈለዎት የሚል ነገር ሰነዱ ላይ የለም፤ ከሌለ ማለቴ ነው። ስለዚህ ያቺን ቃል ብቻ እንዲያርም በትህትና ይጻፉለት። ክስ ከመሠረቱ ግን ተከሳሹ የባንክ ሒሳብዎን፣ ኢሜይሎችዎን፣ ያንን የተላከ ረቂቅ ጭምር ይቅረብልኝ ሊል ይችላል። ስምን ለማዳን ገብቶ ሌላ ጓዳ የሚከፍት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሰነዱ ተሰርቆ ከሆነ ያ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ይታያል።

ወንጀልስ? በነገሩኝ ብቻ ከሄድን፣ ሐሳብ ጽፈው አማካሪነትዎን አለመግለጽዎ በአብዛኛው አገር የሥነ ምግባርና የውል ጉዳይ ነው። ለማረጋገጥ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ልጆችዎ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውስጥ አክሲዮን አላችሁ? ካለ መልሴ ይቀየራል። ብሪታንያ ውስጥ ሁለት የዴይሊ ሚረር ዓምደኞች አንባቢ ግዙ የሚሉትን አክሲዮን ራሳቸው ቀድመው እየገዙ፣ ዋጋው ሲወጣ ይሸጡ ነበር። በ2000 ከሥራ ተባረሩ፤ ከዓመታት በኋላ ጥፋተኛ ተባሉ፤ አንደኛው በ2006 የ6 ወር እስራት ተፈረደበት። የካፒታል ገበያ ሕግ ሲገባበት ይቅርታ መጠየቅ አይበቃም።

የጋዜጣውን ማስታወቂያ በተመለከተ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ነገር ግን ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ገጹ ላይ ይታያል፤ አንባቢ ማን እንደከፈለ ያውቃል። ስለዚህ መከላከያ አይሆንዎትም። ከአዘጋጁ ጋር ሲደራደሩ «ማብራሪያው የሁለታችንንም ግንኙነት ይግለጽ» ማለት ግን ይችላሉ። አንዳንድ አዘጋጅ ይህን ሲሰማ ድምፁ ይለዝባል!

ወደፊትስ ስለ ኢንሹራንስ መጻፍ ይችላሉ? የማማከር ክፍያው እየመጣ እያለ፣ እንደኔ፣ አይጻፉ፤ ገልጸውም ቢሆን። ውሉ ካለቀ በኋላ ለአዘጋጁ በጽሑፍ አሳውቀው፣ ከጽሑፉ ግርጌ አንዲት መስመር እያስቀመጡ ይመለሱበት። መስመሯ ለስንት ጊዜ ትቆይ የሚለውን ከአዘጋጁ ጋር በቁጥር ተስማምታችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት።