መልስ፦ ሆዱን ለቆረጠው ፈረስ ዘይት ወይስ መርፌ?

ወንድሜ፣ «የጋሪ ፈረሴን ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ዘይት ላጠጣው ወይስ ፍሉኒክሲን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ልውጋው?» ላልከው፦ ዘይቱን በጠርሙስ እንዳትግተው! ሳንባው ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ሐኪም ግን ፈሳሽ ፓራፊን (አንጀት የሚያለሰልስ የመድኃኒት ዘይት) በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ጨጓራው ድረስ ያደርስለታል። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል፣ ጨጓራው ከተወጠረም በዚያው ቱቦ ይቀነስለታል።

ፍሉኒክሲን ጥሩ ማስታገሻ ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ 1.1 ሚሊግራም፣ በደም ሥር ነው። ጡንቻው ላይ ከተወጋ አንዳንዴ ክፉ ኢንፌክሽን ያመጣል። ችግሩ ሕመሙን መሸፈኑ ነው፤ አንጀቱ ተጠማዞ እንኳ የተሻለው ይመስልሃል። ስለዚህ ለሐኪም ተወው። ሕመሙ ቶሎ ከተመለሰ «ድገምልኝ» አትበል፣ እንደገና አስመርምረው።

እስከዚያው ከጋሪው ፍታው፣ መኖውንም አንሳ። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 ካለፈ ሐኪሙን አጣድፈው።