ስለ ሱፐርካፓሲተር ኤሌክትሮድ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ጥያቄ፦ ሱፐርካፓሲተር (እንደ ባትሪ የኤሌክትሪክ ጉልበት የሚያጠራቅም ዕቃ) በሰከንዶች የሚሞላ ከሆነ ስልካችንን ለምን በእርሱ አናሠራውም?

መልስ፦ የሚይዘው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ነው። ገበያ ላይ ያለው በኪሎ ግራም ከ5 እስከ 10 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሊቲየም ባትሪ ከ150 ያልፋል። በዕድሜ ግን ባትሪ አይደርስበትም፤ አዮኖችን (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችን) በኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚገባበትና በሚወጣበት ቁስ፣ ገጽ ላይ ይደረድራል እንጂ ቁሱን ስለማይለውጠው፣ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ መሞላትና መራገፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮዱ ከከሰል ይሠራል ይባላል፤ የተሻለ ቁስ አልተገኘም?

መልስ፦ ከሰልን አትናቁብኝ! ፋብሪካዎች ዛሬም በብዛት የሚጠቀሙት ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራውን ነው። በደንብ የተቦረቦረ አንድ ግራም እስከ 2000 ካሬ ሜትር ገጽ አለው፤ አራት ግራሙ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ይሸፍናል። ሩቴኒየም ኦክሳይድ በግራም ከ700 ፋራድ (የመያዝ አቅም መለኪያ) በላይ ተለክቶበታል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ርካሽ ቢሆንም ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ድሬክሴል ዩኒቨርሲቲ የተገኙት ማክሲኖች (ከብረታ ብረትና ከካርቦን ወይም ከናይትሮጅን የተሠሩ እጅግ ስስ ንጣፎች) ተስፋ ይሰጣሉ፤ ውሃና ኦክስጅን ግን ያበላሿቸዋል።

ጥያቄ፦ ቀዳዳው ሰፊ ቢሆን አይሻልም?

መልስ፦ ብዙዎቻችን እንደዚያ እናስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ግን ከ1 ናኖሜትር በታች ያሉ ቀዳዳዎች በተመሳሳይ ገጽ ላይ የበለጠ እንደሚይዙ አሳየ። አዮኑ የከበበውን ፈሳሽ በከፊል አራግፎ ይገባል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጅማ ተማሪ ነኝ። እዚህ የቡና ገለፈት ተከምሮ ይበሰብሳል። ኤሌክትሮድ ይወጣዋል?

መልስ፦ ይወጣዋል እኅቴ፣ ጥሩም ይወጣዋል። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ አየር በሌለበት አክስዪው። ከዚያ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ቀላቅለሽ በናይትሮጅን ውስጥ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ አሙቂው። መያዣው ኒኬል ይሁን፤ የሸክላውን ሃይድሮክሳይዱ ይበላዋል። ቀጥሎ በአሲድ፣ ከዚያም በተጣራ ውሃ ማጠብ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ የቀረ አመድ ልኬትሽን ያበላሻል። ዱቄቱን ከቴፍሎን ማጣበቂያና ከጥቂት ኤታኖል ጋር እንደ ሊጥ እሺው፤ ስትዳምጪው ሳይቀደድ ከተዘረጋ ደርሷል።

ጥያቄ፦ በኒኬል ስፖንጅ ላይ ቀብቼ በግራም 900 ፋራድ አገኘሁ። ይታተማል?

መልስ፦ ስንት ሚሊግራም ቀቡ? በካሬ ሴንቲሜትር አንድ ሚሊግራም የማይሞላ ስስ ቅብ ብዙ ጊዜ ያማረ ቁጥር ይሰጣል፤ የገበያው ኤሌክትሮድ 10 ያህል ይሸከማል። በአልካሊ (እንደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ባለ ፈሳሽ) ውስጥ ኒኬሉ ራሱም ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ስለዚህ ባዶውን ስፖንጅ ለብቻው ይለኩና ይቀንሱ። ከዚያ ወፍራም ቅብ ሠርተው እንደ እውነተኛው ዕቃ በሁለት ኤሌክትሮድ ይድገሙት። ያኔ የወጣውን ቁጥር ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።