ኩፔ ለምትመኙ ልጆቻችን

ክረምት በመጣ ቁጥር ከውጭ የሚመጣ ልጅ ያንኑ ይጠይቀኛል። «ጋሼ፣ 86 ይሻላል 370ዜድ?» ሁለቱም ኩፔ፣ ማለትም ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ናቸው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአስፋልቱ እስከ በሬ ድረስ ጠጠርና ጭቃ ነው። እንግዲህ ስሙኝ።

1. ወረቀት
በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል። የምትገዙት እዚህ ያለውን ነው። አለቀ።

2. ክብደትና ጉልበት
ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ሞዴሎቻቸው 1,250 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ 200 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ኒሳን 370ዜድ ወደ 1,500 ኪሎ ይጠጋል፤ ጉልበቱ ግን ከ320 በላይ ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ከሁሉም ይቀላል፤ ሁለት ሰው ጭኖ ሦስተኛውን «በታክሲ ና» ይላል እንጂ። ለጠመዝማዛ መንገድ እኔ ቀላሉን እመርጣለሁ።

ግን እዚህ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 200 ብላችሁ የገዛችሁት 160 ገደማ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ የሚፈቀደው 120 ነው። እሱንማ ቪትዝም ይደርስበታል!

3. የዕለት ኑሮ
የ86 ሆድ ከመሬት የሚርቀው 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያገሬን ጉብታ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዱ መቃብር ያክላል። የኋላ ወንበሩ ላይ ጤፍ እንጂ ሰው አይጫንም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አሜሪካ ኖሬ ስመለስ 86 ይዤ ገባሁ። እዚያ ሲዮን ኤፍአር-ኤስ ይባል ነበር። ለቀረጡ የከፈልኩትን ዛሬም ለባለቤቴ አልነገርኳትም። አባባ በየስልኩ የሚለምኑኝ ሮቶ ነበር። ውሃ በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣው። «እሺ አባባ፣ የሚቀጥለው ወር» እል ነበር። የሚቀጥለው ወር ቸርኬ ገዛሁ። ለማን? ለሰፈር ልጆች ዓይን። እናንተም ለዚያው ነው፤ አትዋሹኝ። እናታችሁ በጀሪካን ውሃ እየቀዱ ስለ ካምቢዮ ትከራከራላችሁ።

አባባ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። በሩን ከፍቼ «ይግቡ» ስላቸው ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጉድጓድ ነው» አሉኝ። አልገቡም። አንድ ሌሊት ሲብስባቸው ጎረቤቴ በቪትዙ ወሰዳቸው። እኔ በ86 ከኋላ እከተላለሁ። ጉብታው ላይ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) እንዳይነካ በሰያፍ ስወጣ የቪትዙ መብራት ከዓይኔ ጠፋ። ሆስፒታል ስደርስ ካርድ አውጥቶ፣ አባቴን ደግፎ የጠበቀኝ ጎረቤቴ ነው።