ራይድ፣ ኦዝቦርንና ፍሬሽዋተር፦ የልዑል ዓለማየሁን ዱካ ለሚፈልጉ

ሰላም እህታችን። ነሐሴ ላይ ከለንደን ተነስታችሁ ከልጆቹ ጋር አይል ኦፍ ዋይት በምትባለው ደሴት፣ ራይድ ከተማ ባሕር ዳር ለመዋል፣ በዚያው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ደሴቱ ላይ የነበረበትን ለማየት ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። አይበቃም። ንግሥት ቪክቶሪያ እሱን የተቀበለችበት ቤቷ ኦዝቦርን በደሴቱ ሰሜን ነው፤ ፎቶ የተነሳበት ፍሬሽዋተር ደግሞ ምዕራብ ጫፍ ላይ። ሁለቱን በአንድ ቀን ልየው ያለ ሰው ቀኑን የሚጨርሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው። ራይድ አንድ ሌሊት እደሩ።

ለንደን ካለው ዋተርሉ ጣቢያ ወደ ፖርትስመዝ ሃርበር ቀጥታ ባቡር አለ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ትኬት ስትቆርጡ መድረሻውን ፖርትስመዝ አትበሉ፤ ራይድ ኤስፕላኔድ በሉ፣ የፌሪው (የመሻገሪያው ጀልባ) ሒሳብ አብሮ ይገባል። ሰው ብቻ የሚጭነው ፈጣን ፌሪ እዚያው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ይነሳና በ22 ደቂቃ ያሻግራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መኪና የሚጭነው ትልቁ ፌሪ ከሌላ በር ተነስቶ ፊሽቦርን ያወርዳል፣ ራይድ አይደርስም። ከሳውዝሲ የሚነሳው ሆቨርክራፍት (በአየር ትራስ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መጓጓዣ) 10 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ልጆችም ይደሰቱበታል፤ ግን ከባቡር ጣቢያው ይርቃል፣ ነፋስ ሲበረታም ይሰረዛል። ስለዚህ ለመልሱ ፌሪውን ያዙ።

ፌሪው የሚያወርዳችሁ በ1814 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው፣ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ በተዘረጋው ረጅም የእንጨት መተላለፊያ ጫፍ ላይ ነው። ሻንጣ ከያዛችሁ በእግር አትሞክሩት፤ ባቡሩ አለ። ሠረገላዎቹ ድሮ በለንደን ዲስትሪክት መስመር የሚሠሩ የነበሩ ናቸው፣ ታድሰው ነው።

የራይድን አሸዋ በተመለከተ አደራ። ባሕሩ ሲሸሽ እጅግ ሩቅ ይሄዳል፣ አሸዋውም ሜዳ ስለሆነ ልጆች ሳይታወቃቸው ይርቃሉ። ሲመለስ ግን ውሃው ፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ ዝቅ ያለውን ቦይ ቀድሞ ሞልቶ ከኋላ ይዘጋል። ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ጠዋት አይታችሁ፣ ከዚያ በጣም ቀድማችሁ ውጡ።

በመጀመሪያው ቀን ኦዝቦርን። ከራይድ ወደ ኢስት ካውስ የሚሄደው 4 ቁጥር አውቶቡስ በሩ ላይ ያወርዳል። በር ሲከፈት ድረሱና ቤቱን አስቀድሙ፤ ረፋዱ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ቪክቶሪያ በ1901 ያረፈችበት መኝታ ቤት ይታያል። ከዚያ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ወርዳችሁ ስዊስ ኮቴጅ ትደርሳላችሁ። የንግሥቲቱ ልጆች አትክልት የተከሉበት ነው፤ የየራሳቸው ስም ምልክት ያለባቸውን ትንንሽ የእጅ ጋሪዎች ልጆቻችሁ እንዳያመልጧቸው። የባሕር ዳርቻው ከዚያ ቅርብ ነው። ዓለማየሁ ወደዚህ ግቢ የመጣው በሐምሌ 1868 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ መቅደላ ላይ ከሞቱ ገና ሦስት ወር፣ እናቱም በዚያው ጉዞ መንገድ ላይ ሞታበታለች። ይህን ለልጆቹ በር ላይ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ አውቶቡስ ውስጥ ንገሯቸው፤ ቤቱን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል።

በሁለተኛው ቀን በኒውፖርት በኩል ወደ ፍሬሽዋተር። ሾፌሩን "ፍሬሽዋተር ቤይ" በሉት፤ ፍሬሽዋተር ብቻ ካላችሁ መንደሩ ላይ ወርዳችሁ ብዙ ትሄዳላችሁ። የፎቶ አንሺዋ የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ቤት ዲምቦላ ባሕረ ሰላጤው አጠገብ ነው፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሁልጊዜ ስለማይከፈት ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ካሜሮን የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ አድርጋ ነበር የምትሠራው። ዓለማየሁን ያነሳችው ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋርም ለብቻውም ነው፤ ስፒዲ በእኛ አገር ሰው ባሻ ፈለቀ የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን እሷ ለአንድ ፎቶ ሰውን ደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ ታስቀምጥ ነበር፤ የልጁን ዓይን ስታዩ ይህን አስቡ። ፎቶዎቹን ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ቦታው ላይ ሆኖ ማየት ሌላ ነው። ከዚያ ቴኒሰን ዳውን ወደሚባለው ኮረብታ ሽቅብ መውጣት ይቻላል፤ ኖራ ድንጋዩ ስለሚናድ ከጠርዙ ራቁ፣ ከሥሩም አትቀመጡ።

የዓለማየሁ መቃብር ደሴቱ ላይ አይደለም። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አርፎ የተቀበረው ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። ለዚያ ሌላ ቀን ያዙ፤ እሑድ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ በሌላ ቀን ሂዱ።